እሳት ማዳፈንና የሰው ኮድ መፈተሽ

በዚህ ሳምንት የምጽፍላችሁ ስለ እንቅልፍ ነው። ስለ ሰው እንቅልፍ ግን አይደለም። ስለ ስልክ፣ ስለ ላፕቶፕና ስለ ትንንሽ መሣሪያዎች እንቅልፍ ነው። የምኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ሪቻርድሰን ነው። ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሰዎች "ምንድን ነው የምትሠሪው?" ብለው ሲጠይቁኝ "ዕቃ አስተኛለሁ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ መሣሪያዎች ሥራ ሲፈቱ እንዲተኙና ባትሪ እንዲቆጥቡ የሚያደርገው ኮድ የእኔ እንጀራ ነው።

ከቀኔ ግማሹን ደግሞ የማሳልፈው እኔ በጻፍኩት ኮድ ላይ አይደለም። ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ፤ ትክክል መሆኑን እፈትሻለሁ፤ ካልሆነ "ይህ አይሠራም" እላለሁ። የሚከብደው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነው። ለምን እንደሚከብድ ለመንገር መጀመሪያ ስለ እሳት ማውራት አለብኝ። ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ እዚያው እፈታላችኋለሁ።

ማዳፈን ምን ማለት ነው?

አያቴ የምትኖረው ደብረ ማርቆስ አጠገብ፣ ገጠር ነበር። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ ጋ እሄድ ነበር። አያቴ ማታ እሳቱን አታጠፋውም። ፍሙን ወደ ምድጃው መሐል ትሰበስበዋለች፤ ከዚያ በአመድ ትሸፍነዋለች። ፍም ማለት ነበልባሉ ጠፍቶ ቀይ ሆኖ የሚቀረው የጋለ እንጨት ነው። ይህ መሸፈን "ማዳፈን" ይባላል። አመዱ አየር ስለሚከለክል ፍሙ ቶሎ ነድዶ አያልቅም። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ይቆያል። ጠዋት አያቴ አመዱን ገለጥ ታደርግና ጭራሮ ጨምራ እፍ ትላለች። እሳቱ ወዲያው ይያያዛል።

እሳቱ ሌሊት ከሞተ ግን ችግር ነው። ልጅ ተጠርቶ "ጎረቤት ሄደሽ እሳት ጭረሽ ነይ" ይባላል። ቁርስ ይዘገያል። ክብሪት እያለ እንኳ አያቴ እሳት ማዳፈኗን አልተወችም፤ ክብሪት በገንዘብ ነው የሚገዛው፤ አመድ ግን በነጻ ነው።

አሁን ሦስቱን ነገሮች ልብ በሉ። የተዳፈነ እሳት አልጠፋም። የሚበላው እንጨት በጣም ጥቂት ነው። ሲፈለግ ደግሞ ቶሎ ይነሳል። የመሣሪያ እንቅልፍም ከእነዚህ ሦስት ነገሮች ሌላ አይደለም።

ሸለብታና ድብን ያለ እንቅልፍ

አማርኛ ለእንቅልፍ አንድ ቃል ብቻ የለውም። ሸለብታ አለ፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጣችሁ ዓይናችሁ ክድን ሲል ማለት ነው። ድብን ያለ እንቅልፍም አለ፤ ነጎድጓድ የማይቀሰቅሰው። መሣሪያም እንደዚሁ ነው።

የስልካችሁ ፕሮሰሰር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሸለብ ያደርገዋል። አንድ ፊደል ጽፋችሁ ሁለተኛውን እስክትጽፉ ባለው ጊዜ እንኳ ይተኛል፤ ለእሱ ያ ረጅም ጊዜ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የሚተኛው እንቅልፍ አለ። ፎቶ ካላነሳችሁ ካሜራው ይተኛል፤ ሙዚቃ ካልከፈታችሁ የድምፁ ክፍል ይተኛል። በመጨረሻ ሁሉም አብሮ የሚተኛው እንቅልፍ አለ። ብዙውን ጊዜ ላፕቶፓችሁን ስትከድኑት የሚሆነው እሱ ነው፤ ሜሞሪው ብቻ ጥቂት ኃይል እየወሰደ ሥራችሁን ይዞ ያድራል።

እንቅልፉ በጠለቀ መጠን የሚበላው ኃይል ያንሳል። ለመንቃት የሚፈጀው ጊዜ ግን ይረዝማል፤ መንቃቱ ራሱም ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ ለአጭር ጊዜ በጣም ጠልቆ መተኛት ኪሳራ ነው። ለሁለት ደቂቃ ብሎ እሳት የሚያዳፍን የለም።

ማን መቼ እንደሚተኛ የሚወስነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ልብ "ከርነል" ይባላል። ከርነሉ ግን የካሜራን ቋንቋ ወይም የሞደምን ቋንቋ ብቻውን አያውቅም። "ድራይቨር" የሚባል አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። እናንተ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ለአያታችሁ እንደምታስተረጉሙት ማለት ነው። ሐኪሙ "ይተንፍሱ" ሲል እናንተ በአማርኛ ትናገራላችሁ። ከርነሉም "ተኛ" ሲል ድራይቨሩ በመሣሪያው ቋንቋ ይናገራል። አስተርጓሚው አንድ ቃል ከዘለለ መሣሪያው ሳይተኛ ያድራል።

አንድ ነገር ሳይተኛ ቢያድር ምን ይሆናል? በምሳሌ እናስላው። የአንድ ስልክ ባትሪ 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል እንበል። ሁሉም ክፍል ተኝቶ ስልኩ 10 ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ 4,000 ለ10 ሲካፈል 400 ሰዓት ነው፤ ከ16 ቀን በላይ መሆኑ ነው። አሁን አንድ ክፍል ብቻ ነቅቶ ቀርቶ 40 ሚሊአምፔር ቢጨምር፣ ጠቅላላው 50 ይሆናል። 4,000 ለ50 ሲካፈል 80 ሰዓት ነው፤ ሦስት ቀን ከስምንት ሰዓት ብቻ።

እኛ ዳላስ ውስጥ ልዩነቱን ላናየው እንችላለን። ስልኩን መኪና ውስጥ እንሰካዋለን፤ ቤት ስንገባ ደግሞ እንሰካዋለን። አክስቴ ግን አሁንም የምትኖረው መብራት ባልገባበት ገጠር ነው። ስልኳን ቻርጅ የምታደርገው ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ነው፤ ከተማው ውስጥ ላለ ሱቅ ጥቂት ብር ከፍላ። 16 ቀን የሚቆይ ባትሪ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያደርሳታል። 80 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ ግን ማክሰኞ ማታ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሰው ቢታመም፣ ለቅሶ ቢኖር፣ ወይም እኔ ናፍቃኝ ብደውል ስልኳ አይሰማም። ኮድ ስፈትሽ የማስበው ስለ እሷ ማክሰኞ ነው።

የቡናው እንግዶችና ቆጣሪው

መሣሪያው ሥራ መጨረሱን ከርነሉ በምን ያውቃል? በመቁጠር ነው።

ቤታችሁ ቡና ሲፈላ አስቡ። እንግዳ ሲገባ "አንድ" ትላላችሁ፤ ሌላ ሲገባ "ሁለት"። ሲወጡ ደግሞ ትቀንሳላችሁ። ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ጀበናው ከእሳት አይወርድም። ዜሮ ሲሆን እንኳ እናታችሁ ወዲያው አትሰበስብም፤ ሦስተኛው ዙር፣ በረካው፣ ሳይጠጣ አንድ ጎረቤት ብቅ ሊል ይችላል ብላ ትንሽ ትጠብቃለች። ከርነሉም ልክ እንደዚሁ ያደርጋል። አንድ ፕሮግራም መሣሪያውን መጠቀም ሲጀምር ቁጥሩን በአንድ ይጨምራል፤ ሲጨርስ በአንድ ይቀንሳል። ዜሮ ሲሆን ትንሽ ይጠበቅና መሣሪያው ይተኛል።

ይህን አሠራር በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ለሁሉም መሣሪያዎች በአንድ መልክ ያስገባው ራፋኤል ቪሶትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ መሐንዲስ ነው። የወጣውም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009፣ በከርነሉ 2.6.32 እትም ነው። ዛሬ አንድሮይድ ስልኮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ከርነል ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ "ቆጣሪ" ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግድግዳ ላይ ያለውን የመብራት ቆጣሪ ነው። የኔ ቆጣሪ ኮድ ውስጥ ነው ያለው፤ ሁለቱም ግን ሲሳሳቱ ኃይል ያለ አግባብ ይሄዳል።

ቆጣሪው አንድ የታወቀ ወጥመድ አለው። ቁጥሩን የሚጨምረውና መሣሪያውን የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ አንድ ላይ ነው። አንዳንዴ መሣሪያው አልነቃም ይላል። ታዲያ መንቃቱ ባይሳካም ቁጥሩ ከፍ እንዳለ ይቀራል! ፕሮግራመሩ "አልነቃም፤ እንግዲያው ልተወው" ብሎ ከወጣ ቁጥሩን የሚመልሰው የለም። እንግዳው በር ላይ ደርሶ ሳይገባ ተመልሷል፤ እናንተ ግን "ቤት ውስጥ አንድ ሰው አለ" ብላችሁ ጀበናውን እሳት ላይ ታሳድራላችሁ። መሣሪያው ከዚያ ቀን ጀምሮ አይተኛም። ይህ ስህተት በጣም ብዙ ድራይቨሮች ውስጥ ስለተገኘ፣ በ2020 መጨረሻ ላይ መንቃቱ ካልተሳካ ቁጥሩን ራሱ የሚመልስ አዲስ ትእዛዝ ከርነሉ ውስጥ ገባ። አሮጌው ትእዛዝ ግን አልተወገደም፤ ስለዚህ ፈታሽ ዓይኑን ከእሱ ላይ አያነሳም።

እናት ከልጇ በፊት አትተኛም

ሁለተኛው የምፈትሸው ነገር ቅደም ተከተል ነው። እናት ልጇን ሳታስተኛ አትተኛም፤ ጠዋት ደግሞ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት። በከርነልም ቃሉ ያው "ወላጅ" እና "ልጅ" ነው። ኃይል ወይም መስመር የሚሰጠው ክፍል ወላጅ ነው፤ ከእሱ የሚቀበለው ልጅ ነው። ልጁ ነቅቶ እያለ ወላጁ ቢተኛ ልጁ ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ይህን ከመጽሐፍ ይልቅ ያስተማረን የቴክሳስ ብርድ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ዳላስ ውስጥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደረሰ። ጣቢያዎች በረዱ፤ የነዳጅ አቅርቦት ታወከ፤ ሰው ደግሞ ቤቱን ለማሞቅ ከወትሮው የበለጠ ኃይል ፈለገ። ፌብሩዋሪ 15 ለሊት ላይ የመላው ቴክሳስ መስመር ሊወድቅ ተቃረበ። መስመሩ በሰከንድ 60 ጊዜ መምታት አለበት። ያን ሌሊት ከ59.4 በታች ወርዶ ከአራት ደቂቃ በላይ ቆየ። ዘጠኝ ደቂቃ ቢሞላ ኖሮ ተጨማሪ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን ከመስመሩ ይወጡ ነበር። መስመሩን ለማዳን ቤቶች እንዲቋረጡ ታዘዘ፤ ሲበዛ የተቆረጠው 20,000 ሜጋዋት ነበር። መጠኑን ለመገመት፣ በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ቴክሳስ በአንድ ጊዜ ያጣችው ወደ አራት የሕዳሴ ግድብ የሚጠጋ ነው። ግዛቱ ራሱ ባወጣው ቆጠራ 246 ሰዎች ሞቱ።

ከኔ ሥራ ጋር የሚገናኘው በኋላ በፌዴራል መንግሥቱ ምርመራ የወጣው ነገር ነው። ከተቋረጡት መካከል የተፈጥሮ ጋዝ የሚያመርቱና የሚያመላልሱ ተቋማት ነበሩ። "እነዚህ እንዳይቋረጡ" ተብለው አስቀድመው አልተመዘገቡም ነበር። ከኃይል ማመንጫዎቹ ብዙዎቹ የሚሠሩት ደግሞ በዚያው ጋዝ ነው። ዋናው ችግር ቅዝቃዜው ቢሆንም፣ ይህ ችግሩን አባባሰው። ማመንጫው ልጅ ነው፤ የጋዙ ተቋም ወላጅ። ዝምድናቸውን ማንም ስላልጻፈው፣ ልጁ ነቅቶ እያለ ወላጁን አስተኙት። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ እንዲህ ያለ ስውር ዝምድና የሚጻፍበት መንገድ የገባው በ2017 ነው። ድራይቨር ስፈትሽ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ "ይህ ሲተኛ ማን ጨለማ ውስጥ ይቀራል?"

ዳላስ ለዚህ ሥራ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ጃክ ኪልቢ የመጀመሪያውን ኢንተግሬትድ ሰርኪት ሠርቶ ያሳየው እዚሁ፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1958 ነው። በ2000 ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የዚሁ ኩባንያ ኦማፕ የሚባሉ ቺፖች በ2009 ኖኪያ ኤን900 በተባለው የሊኑክስ ስልክ ውስጥ ነበሩ። ሊኑክስን ለኪስ የሚሆን እንቅልፍ ካስተማሩት መሣሪያዎች መካከል እነዚህ ቺፖች አሉበት። አርሊንግተን ማስተርሴን ስማር የማነበው ኮድ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ ያለ ኩባንያ ያወጣውን ቺፕ የሚያስተኛ ነበር።

ዋስ፣ ምስክርና ይሉኝታ

አሁን ወደ ከባዱ ሥራ ልመለስ። የሰው ኮድ መፈተሽ በአማርኛ "ግምገማ" ሊባል ይችላል። ወላጆቻችሁን "ግምገማ ምንድን ነው?" ብላችሁ ብትጠይቋቸው ግን አንዳንዶቹ ፊታቸው ይለወጣል። በነሱ ዘመን ግምገማ ማለት ሰው በስብሰባ መሐል ተነስቶ ጥፋቱ የሚዘረዘርበት ነበር። የኮድ ግምገማ እንዲህ አይደለም። የሚገመገመው ሰውየው አይደለም፤ የጻፈው መስመር ነው። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ማድረግ ግን ይከብዳል።

በሊኑክስ ሥርዓት ኮዱን የፈተሸ ሰው ስሙን ከኮዱ ሥር ያስቀምጣል። ስሙ እዚያው ለዘላለም ይኖራል። መጀመሪያ ሳየው "ዋስ መሆን" መሰለኝ። ዋስ ማለት ሌላው ሰው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርም ነው። ደንቡን ሳነበው ግን ልዩነት አለው። ደንቡ ፈታሹን "ይህ ኮድ በሁሉም ቦታ ይሠራል ብለህ ዋስ ሁን" አይለውም። የሚለው "አንብቤዋለሁ፤ ያየሁትን ችግር ተናግሬያለሁ፤ መልስ አግኝቻለሁ፤ መግባቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ" ነው። ይህ ዋስነት ሳይሆን ምስክርነት ነው። ምስክር የሚጠየቀው ላየው ነገር ነው። አይቶ ዝም ካለ ግን ምስክር አይደለም።

ዝም እንድንል የሚያደርገን ነገር ደግሞ አለን፤ ይሉኝታ። ቃሉን ፈትታችሁ እዩት። "ይሉኛል" ከሚለው የመጣ ነው፤ "ሰዎች ምን ይሉኛል?" ብሎ መጨነቅ ማለት ነው። ይሉኝታ መጥፎ ብቻ አይደለም። ትልቅ ሰው ሲገባ ከወንበር የሚያስነሳን እሱ ነው። ኮድ ፍተሻ ውስጥ ሲገባ ግን ባትሪ ይበላል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው ድርጅት ውስጥ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ጋር የሚጓዝ ትንሽ መሣሪያ እንሠራ ነበር። መሣሪያው በመንገድ ላይ የካርቶኑን ሙቀትና ቅዝቃዜ ይመዘግባል። ባትሪው ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት። መንገድ ላይ ከሞተ መድኃኒቱ ሲቀዘቅዝ ይቆይ፣ ሲሞቅ ይቆይ ማንም አያውቅም፤ ካርቶኑ ሙሉ ይጣላል።

የማስተኛውን ኮድ የጻፉት በዕድሜ የሚበልጡኝ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። "ጋሼ" ነው የምላቸው። አርሊንግተን ተማሪ ሳለሁ መኪና ስላልነበረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚወስዱኝ እሳቸው ነበሩ። ለእንቁጣጣሽ ባለቤታቸው ዶሮ ወጥ በሳህን ይልኩልኛል። ኮዱ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ሰኞ መላክ ነበረበት። ፈታሹ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኮዱ ንጹሕ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ሴንሰሩ አልነቃም ሲል ኮዱ ወዲያው ይወጣል፤ ቆጣሪውን አይመልስም። እንግዳው ሳይገባ ተመልሷል፤ ጀበናው ግን እሳት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" የሚለው ተረት ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እሳቸው ይህን ሥራ የጀመሩት እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው።

ከመናገሬ በፊት አረጋገጥኩ። ሴንሰሩ አንድ ጊዜ ብቻ "አልነቃም" እንዲል አስመስዬ ኃይሉን ለካሁ። ከዚያች አንድ ጊዜ በኋላ መሣሪያው ተመልሶ አልተኛም። ሦስት ሳምንት የተባለው ባትሪ ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም ነበር።

በይፋ ከመጻፌ በፊት የልኬቱን ወረቀት ይዤ ወደ ጠረጴዛቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ።"

"ሴንሰሩ አልነሳም ቢል ቆጣሪውን ማን ይመልሰዋል?"

"ሁለት ሳምንት እዚህ ክፍል ውስጥ ፈትኜዋለሁ። አንድ ቀን አልነሳም አላለም።"

"እውነትዎን ነው። ግን ክፍሉ ሞቃት ነው። ካርቶኑ የሚሄደው በበረዶ ነው። ሲቀዘቅዝ ሊያስቸግር ይችላል።"

ወረቀቱን ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀና ብለው አላዩኝም። "በይ ጻፊው" አሉኝ።

ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ጻፍኩት። ስለ እሳቸው አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ የመስመሩን ቁጥር፣ የሚሆነውንና የለካሁትን ብቻ አስቀመጥኩ። መልሳቸው "ትክክል ነው" የሚል ብቻ ነበር። ማታ ላይ ግን ሌላ መልእክት ላኩ፤ ይኸው ችግር በሌሎች ሁለት አሮጌ ፋይሎች ውስጥም አግኝተው ሦስቱንም አስተካክለው ነበር። ያን ጊዜ ስሜን ከሥሩ አስቀመጥኩ። ሥራው አራት ቀን ዘገየ። አለቃው ሲጠይቅ "የኔ ነው" ብለው መልስ የሰጡት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቡና አብረን አልጠጣንም። ሰላም ይሉኛል፤ ያልፋሉ። ከባድ ሁለት ሳምንት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ኮድ ላኩልኝ። ከላዩ ላይ "ከማንም በፊት አንቺ እይው" የሚል ነበር። ስለ መጀመሪያው ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አንስተን አናውቅም።

በዚያው ክረምት ከመንገድ ከተመለሱት መሣሪያዎች የአንዱን መዝገብ ሳነብ፣ ሴንሰሩ በብርድ 11 ጊዜ አልነሳም ብሎ ነበር። 11 ጊዜ ቆጣሪው ተመልሷል። ባትሪው ሳይሞት ደርሷል።

እናንተስ?

ሁላችሁም መሐንዲስ አትሆኑም፤ መሆንም የለባችሁም። ግን ሁላችሁም የሰው ሥራ ትፈትሻላችሁ። የጓደኛችሁን የቤት ሥራ ታነባላችሁ። እናታችሁ ለመሥሪያ ቤቷ የጻፈችውን ደብዳቤ "እስቲ እየው" ትላችኋለች። አባታችሁ የሞላውን ቅጽ ታያላችሁ። ስህተት ስታዩ ሁለት መጥፎ መንገዶች አሉ፤ ዝም ማለትና ማዋረድ። ከሁለቱ የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ በአማርኛ ሲሆን እንዲህ ይጀምራል፦

"ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" በጥያቄ መጀመር ለትልቅ ሰው መልስ የመስጠት ዕድል ይሰጣል።

"እዚህ ጋ እንዲህ ቢሆንስ?" ስህተቱን ከሰውየው ለይቶ ያሳያል።

"ሞክሬው ነበር፤ ያገኘሁት ይኸን ነው።" ያያችሁትን እንጂ የገመታችሁትን አትናገሩ።

ለአንድ ሰው ስትናገሩ ደግሞ ማን እንደሆነ አስቡ። ለእኩያችሁ "ልጠይቅህ" ወይም "ልጠይቅሽ" ነው፤ ለትልቅ ሰው "ልጠይቅዎት"። ቋንቋችን አክብሮቱን ግሡ ውስጥ ስላስቀመጠልን፣ አክብራችሁም እውነቱን መናገር ትችላላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ትልልቆቹም ቢሆኑ በዚህ ይቸገራሉ። የጉግል መሐንዲሶች በ2009 ስልክ እንዳይተኛ የሚይዝ ኮድ ለሊኑክስ አቅርበው ነበር። የከርነሉ ሰዎች "በዚህ መልክ አንቀበልም" አሉ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ሁለቱንም ወገን ያስማማ መፍትሔ ሙሉ ሆኖ የገባው በ2012 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተከራከሩት፣ መሣሪያው እየተኛ እያለ ልክ በዚያች ቅጽበት ስልክ ቢደወልስ በሚል ጥያቄ ዙሪያ ነበር። በር እየዘጋችሁ እያለ እንግዳ ቢያንኳኳ እንደማለት ነው። ማንም ዝም ስላላለ፣ ዛሬ ስልኩ ተኝቶም ጥሪው አያመልጠውም።

በዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ቤታችሁ ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱን "እሳት አዳፍነው ያውቃሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። ምን እንጨት እንደሚጠቀሙ፣ አመዱን ምን ያህል እንደሚያደርጉ፣ ጠዋት ማን እንደሚነሳ ጠይቁ። ከዚያ የስልካችሁን ሴቲንግ ከፍታችሁ ባትሪውን ማን እንደሚበላ አብራችሁ እዩ። አንድ ሳይተኛ ያደረ ነገር ሳታገኙ አትቀሩም። ለምን እንዳልተኛ ለእነሱ በአማርኛ ማስረዳት ደግሞ የናንተ ድርሻ ነው።

ሰላም ሰንብቱ!